ሦስት ጊዜ የተሳበው ገመድ

አስካለ የካደችኝ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ በመጣው መስቀል ማግስት፣ አባቴ ፊት ነው። ባለፈው ሳምንት የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ስሟን እየጠራ በቡታጅራ ቤቴ በር ሲያልፍ በርበሬ እየቀነጠስኩ ነበር። እጄን አላቆምኩም።

አባቴ ከቡኢ ወጣ ብሎ ካለ ገደል የዱር ማር ይቆርጥ ነበር። ገደሉ መሀል ላይ ድንጋዩ እንደ ቤት ጣሪያ ወደ ውጭ ይወጣል። ያንን አልፎ በፊት ለፊት የወጣ ሰው አልነበረም፤ አባቴም ቢሆን። ገመድ እየያዝኩለት ስላደግኩ ድንጋዩን አውቀዋለሁ። የአስካለ ወንድም በመስቀል ዕለት ሽማግሌ ሲልክ፣ ቡታጅራ ሄጄ መማር እፈልጋለሁ አልኩ። አባቴ እንግዶቹን ክትፎ እያጎረሰ ሳቀ።

«ያን ጣሪያ ከወጣሽ ተማሪ። ካልሆነ ታገቢያለሽ።»

«ምስክር ማን ይሁን?»

«ራስሽ ምረጪ።»

አስካለን መረጥኩ። ጓደኛዬ ነበረች፤ ከአንድ ቆጮ እየቆረስን ነው ያደግነው።

ጠዋት ድንጋዩ የክረምቱን እርጥበት ገና አልጨረሰም ነበር። የቃጫ ገመዱን ወገቤ ላይ አሰርኩ፤ አስካለ ከታች ያዘችልኝ። የወይራ ሽብልቅ ስንጥቁ ውስጥ እየመታሁ፣ ገመዱን ሽብልቁ ላይ ባሰርኩት የቃጫ ቀለበት እያሳለፍኩ ወጣሁ። ጣሪያው ስር እግሬ የሚረግጠው አጣ። ቀኝ እጄን ስንጥቁ ውስጥ ከትቼ በቡጢ ጨብጬ ተንጠለጠልኩ፤ ቆዳዬ ተገፈፈ።

«ዘኑ፣ ውረጂ! እብድ! ማን ያይሻል?»

«አንቺ ታዪኛለሽ!»

ክርኔን፣ ከዚያ ጉልበቴን ጫፉ ላይ ሰቀልኩ። ከጣሪያው በላይ መተያየትም መሰማማትም የለም፤ ስወጣ ገመዱን ሦስት ጊዜ ልስብ ተስማምተን ነበር። ላይ ደርሼ ተጋደምኩ። ወደ ቡታጅራ የሚወርዱትን የጭነት መኪኖች እያየሁ ሦስት ጊዜ ሳብኩ። ሦስት ጊዜ ስባ መለሰችልኝ። ብቻዬን ሳቅሁ። ገመዱን ፈትቼ ለቀቅኩላትና በጀርባ ባለው የፍየል መንገድ ወረድኩ።

ቤት ስደርስ ቀድማኛለች።

«ጣሪያው ስር ደርሳ ወረደች። ከዚያ በጀርባ ዞራ ነው የወጣችው» ትላለች ለአባቴ።

«አስኩ፣ ገመዱን አልሳብኩም?»

«የምን ገመድ?»

አሁኑኑ ልድገመው አልኩ። አባቴ ያበጠ እጄን አየና «ምስክሯን የመረጥሽው አንቺ ነሽ፤ በቃ» አለ።

ወንድሟን አገባሁ። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ነፍሱን ይማረውና እሱን አልወቅስም። አምስት ልጅ አስተማርኩ፤ ደብተራቸው ላይ ስማቸውን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። አስካለ በየመስቀሉ መጥታ ትበላ ነበር። አንዴ ጎመን እየከተፍን «ለወንድሜ ብዬ ነው። ደግሞስ ምን ጎደለብሽ?» አለችኝ። መክተፌን ቀጠልኩ። ሰው ይህን ያህል ዓመት ቂም ይይዛል ወይ የሚል ካለ፣ ይይዛል።

ከመሞቷ ሦስት ቀን በፊት ልጇ መጣች።

«እትዬ ዘነበች፣ እማዬ ትፈልግሻለች። ‹ገመዱን ስቤ መልሼላታለሁ በያት› ብላለች።»

«ለአባቴ ትንገረው» አልኳት። አባቴ ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል።

በቀብሯ ቀን ነጠላዬን አላዘቀዘቅሁም። በርበሬውን ግቢ ውስጥ አሰጣሁ፤ ከሰዓት ሲደምን አስገባሁት።