በረሃው ላይ ታፔላ ያነበብኩለት ቀን

ባለቤቴን መጠርጠር የጀመርኩት በረሃ እንሂድ ያለኝ ዕለት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ትራክ ሲነዳ የኖረ፣ እረፍት ሲያገኝ ኮሎምበስ፣ ኢስትሙር ሰፈር ካለው ቤታችን ሶፋ ንቅንቅ የማይል ሰው፣ ድንገት አልጋና ኩሽና ያለው አርቪ የሚሉትን መኪና ሬንት አድርጎ መጣ።

"አሪዞናን ዓይኔ ሳያየው አይቅር" አለኝ።

"ምን አስቸኮለህ?" ብለው፣ "እንዲያው" አለኝ።

በዚያው ሰሞን ከጃኬቱ ኪስ የከተማችን ዳውንታውን ፓርኪንግ ጋራዥ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ አግኝቼ ነበር። ሁለቱንም ቀን ጭነት ይዤ ኢንዲያና ነበርኩ ብሎኛል። ሴት ይዟል አልኩ በሆዴ። ራሱ እስኪያወጣው ልጠብቅ ብዬ አብሬው ሄድኩ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ካደርንበት ተነስተን በረሃው መሃል ገባን። ግራ ቀኙ ቀይ አፈር ነው፤ ዛፍ የለ፣ ቤት የለ።

"ያ ታፔላ ምን ይላል?" አለኝ። አነበብኩለት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ "ይሄኛውስ?" ወሬ ፈልጎ ነው ብዬ አለፍኩት።

ነዳጅ ማደያ ስንቆም ስልኩ ጮኸ። ገልመጥ አድርጎኝ ከመኪናው ኋላ ዞረ። ሽንት ቤት የምሄድ መስዬ ተጠጋሁ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ በእንግሊዝኛ፣ "ለሚስቴ ገና አልነገርኳትም፤ ስንመለስ እነግራታለሁ" ሲል ሰማሁት። ቀድሜው ወደ መኪናው ተመለስኩ።

መኪናው ውስጥ ስንገናኝ "ማነው?" አልኩት።

"ዲስፓቸሩ ነው።"

ጭነት የሚመድብለት ዲስፓቸሩ ያገራችን ሰው ነው፤ ሁልጊዜ የሚያወሩት በአማርኛ ነው። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። አንድ ሰዓት ያህል እንደዚያው ተጓዝን።

ከፊታችን ትልቅ ታፔላ መጣ። እስከሚቀጥለው ከተማ ድረስ ነዳጅ የለም ይላል፤ ፊደሉ የክንድ ያህል ነው።

"ምን ይላል?" አለ።

"አንተ አንብበው።"

መሪውን ጨበጥ አደረገ። "ስለ ፍጥነት ነው መሰለኝ።"

ያን ጊዜ ሌላ ነገር እንዳለ ገባኝ። "አቁም" አልኩት። "አሁን አቁም!"

ዳር ይዞ ቆመ። ሞተሩን አጠፋና ወደኔ ሳይዞር ተናገረ። "የቀኝ ዓይኔ የማየውን ነገር መሃሉን አያሳየኝም። ግራውም ጀምሮታል። ዳውንታውን ሐኪም ጋ ስመላለስ ነበር። ቅድም የደወለችውም ነርሷ ናት።"

መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው፤ ሴት አይደለችማ። ወዲያው በራሴ አፈርኩ። ከዚያ ንዴቱ መጣ።

"በዚህ ዓይንህ ነው አራት ቀን ይዘኸኝ የነዳኸው?"

"በግራው አያለሁ ብዬ..."

"ሌላስ የደበቅከኝ አለ?"

"ሥራ ካቆምኩ ሦስት ሳምንቴ ነው" አለ።

በነዚያ ሳምንታት በየጠዋቱ የሥራ ጫማውን አድርጎ፣ ምሳውን ቋጥሬለት ነበር የሚወጣው። "ታዲያ የት ነበር የምትውለው?"

"እዚያው ሰፈራችን አጠገብ፣ ቤክስሊ ፓርኩ ጋ። መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ። ምሳዬን እዚያው እበላለሁ።"

አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ። ከዚያ ወንበር ተቀያየርን። ከትንሿ መኪናዬ ሌላ ነድቼ አላውቅም፤ መሪው አውቶብስ የያዝኩ አስመሰለኝ። እሱ አጠገቤ ሆኖ "ሰፋ አድርገሽ ዙሪ፣ ፍሬኑን ቀደም ብለሽ ያዢ" እያለ አስነዳኝ። ነዳጁን ሞልተን ስለነበር ከተማው ደረስን። በማግስቱ ወደ ኮሎምበስ ዞርን፤ እስከ ቤት ድረስ የነዳሁት እኔ ነኝ።

የቀኙ አልተመለሰም። ግራውን ሐኪሞቹ እንዳይብስ በመርፌ ይዘውለታል። አሁን ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ያሽጋል፤ ጠዋት የማደርሰው እኔ ነኝ። በሩን ከፍቶ ሲወርድ "ዓይንህ ዛሬ እንዴት ነው?" እለዋለሁ። "ደህና ነው" ይለኛል። "እውነቱን ንገረኝ" ብዬ ደግሜ እጠይቀዋለሁ።