ለካ ፕሪንተሩ ያለ እኔም ይሠራል

ዛሬ ከዳባት ለቅሶ ደርሼ ስመለስ፣ ደባርቅ ያለችው የጽሕፈት አገልግሎት ሱቄ ገብቼ ነጠላዬን እንኳ ሳላወርድ «ዞር በሉ፣ ፕሪንተሩን ልቀስቅሰው» አልኩ።

አብራኝ የምትሠራው ሰዓዳ መሬት መሬት እያየች «እትዬ፣ አትመን ጨረስን እኮ» አለችኝ።

ኮምፒውተሬ ሊኑክስ ነው። ከፕሪንተሩ ጋር የምታስተዋውቀው ሞጁል የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች፤ በተከፈተ ቁጥር ትእዛዝ ጽፌ እጭናታለሁ። ደንበኛው «ኢንጂነሯ» ይለኛል፣ እኔም ደስ ይለኛል፣ ምን ልደብቅ። ሰዓዳንም «ያለ እኔ አይሠራም፣ እንዳትነኪው» ብያት ነበር።

ዛሬ እኔ ሳልኖር መብራት ጠፍቶ መጣ፤ ኮምፒውተሩም እንደ አዲስ ተከፈተ። ከጃናሞራ የመጡ አንድ አባት በስልክ የተላከላቸውን የልጃቸውን የሕክምና ወረቀት ሊያሳትሙ እኔን ሲጠብቁ፣ መኪናው ጥሏቸው ሄደ። ኋላ ሰዓዳን «እስቲ ሞክሪው ልጄ» ቢሏት፣ ወረቀቱ ወዲያው ወጣ።

ኮምፒውተሩን ለሚጠግንልኝ ባለሙያ ደወልኩ። «ኮምፒውተሩ ሲበራ ሞጁሏን ራሱ እንዲጭናት ካደረግኩት ቆየ፤ ነግሬሽም ነበር» አለኝ።

«ታዲያ በየቀኑ ስጽፍ ምነው ዝም አለኝ?»

«ቀድማ ከተጫነች ምን ይበልሽ?»

እኔ ደግሞ ዝምታውን እሺታ አድርጌው ኖሯል።

እዚያው የተቀመጡትን አባት እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቅ ስል «ተይ ልጄ፣ ቀጣዩ መኪና ሳትቀሰቅሽው ይመጣል» አሉኝ። ሰዓዳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይስቅ ነበር።

እናንተስ ያለ እኔ አይሆንም ብላችሁ ሰው ያጉላላችሁበት ቀን የለም? ንገሩኝ፣ ብቻዬን አልፈር።