የባነሯ ልጅ

ወንድሜ ባጃጅ ነጂ ነው። እኔን ለማሳከም ከጓደኞቹ ጋር ሚኒባስ ተውሶ፣ ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ አስሮ፣ ጎኑ ላይ ባነር ወጥሮ በባሕር ዳር ጎዳናዎች ርዳታ መለመን ሲጀምር፣ ባነሩ ላይ ያወጣው የዛሬ ፊቴን አልነበረም። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ የተነሣሁትን ፎቶ ነው። የፊት ጥርሶቼ ወልቀዋል፤ የሆስፒታል ልብስ ለብሼ አሻንጉሊት አቅፌአለሁ።

ልቤ ከተወለድሁ ጀምሮ ቀዳዳ ነበረበት፤ አንዱ የደም በሩም በደንብ አይገጥምም ነበር። ፎቶው የውጭ ሐኪሞች መጥተው በነፃ የጠገኑልኝ ጊዜ የተነሣ ነው። በዓመቱ በቀን መቁጠሪያቸው ላይ አወጡኝ። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሐይቁ ዳር የዓሣ መረብ ከሚሸጥባት ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት፣ ዓመቱ ካለፈም በኋላ አላወረደውም። ለገዛውም ላልገዛውም ያሳይ ነበር።

ያኔ የጠገኑት የልቤ በር፣ ቫልቩ፣ አሁን ላልቶ ደም ወደ ኋላ ይመልሳል። ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ሐኪሙ፣ በሩ ቶሎ ካልተቀየረ ልቤ ደክሞ ቀዶ ጥገናውም የማይጠቅመኝ ጊዜ እንደሚመጣ ነግሮኛል። ወደ ጠገኑኝ ሰዎች ቢሮ ሄድሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ዕድሜዬን ጠየቀችና፣ ሕክምናው ለሕፃናት ብቻ እንደሆነ፣ እኔ ግን ማደጌን ነገረችኝ። በትሕትና ነው የነገረችኝ፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው። ያው ልብ አይደለም እንዴ አብሮኝ ያደገው? የጤና መድኔማ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ለጉንፋን እንጂ ለዚህ አይሆንም። የግል ሆስፒታሉ የጠራልን ዋጋ ደግሞ የእናታችን ቤት ከነግቢው ቢሸጥ አይሞላም።

ስለ ባነሩ ከወንድሜ ጋር ተጣላሁ። ለማኝ ያደረግኸኝ ሳያንስ ውሸታም ታደርገኛለህ አልሁት። እሱም አንገቱን ደፍቶ፣ መጀመሪያ የአሁኑን ፎቶዬን ይዘው ወጥተው እንደነበር፣ ሰው ግን «ይህች ደህና ሴት ምን ሆነች» እያለ እንዳለፋቸው ነገረኝ። አላመንሁትም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አብሬአቸው ወጣሁ። ሚኒባሱ ገበያው ዳር ቆመ። አንዲት እናት መቀነታቸውን ፈትተው ያላቸውን ሳጥኑ ውስጥ ከተቱና ፎቶውን እያዩ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ አጠገባቸው ወደ ቆምሁት ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንችም ጣል አርጊላት እንጂ። ሕፃን እኮ ናት» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ማይኩን ከወንድሜ እጅ ነጥቄ፣ ልጅቱ እኔ መሆኔን፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ እንደሆነና ልቤ ዛሬም ያው የታመመው ልብ እንደሆነ ተናገርሁ። ገበያው ዞሮ አየኝ። ሴትዮዋ ፎቶውንና ፊቴን አስተያዩ፤ ፊታቸው በራ።

«ተመስገን። ይኸው አድገሽ የለ እንዴ» አሉ።

ጉንጬን ስመውኝ ሄዱ። ሌሎቹም እየመረቁኝ ተበተኑ። አንድ ሰውዬ እንዲያውም ልጅቷ ድናለችና እልል በሉ አለ። ከዚያ በኋላ ወደ ሳጥኑ እጁን የዘረጋ አልነበረም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በማደጌ ከልባቸው ተደስተው ነው ለሞት ትተውኝ የሄዱት።

በማግሥቱ ወንድሜ ባነሩን ጠቅልሎ በር ላይ ጠበቀኝ። ምን ላድርግ ብሎ ለመጠየቅ እንኳ ፈርቶኛል። ተቀብዬው ራሴ ዘረጋሁትና ሚኒባሱ ጎን ላይ አሰርሁት። ገበያው ዳር ስንደርስ ሰው እንዳያየኝ ከኋላ ወንበር ላይ ጎንበስ ብዬ መጋረጃውን ሳብሁ። ማጉያው «ይህችን ሕፃን እርዷት» ማለት ሲጀምር ሳጥኑ ውስጥ ሳንቲም ሲወድቅ ሰማሁ።