ለማዳም የተሰጠ አደራ

እናቴ ያደገችው ሰው ቤት ነው። ከቀጨኔ መድኃኔዓለም በታች ባለ ትልቅ ግቢ ዕቃ እያጠበችና የሰው ልጅ እያዘለች። ከገጠር ስትመጣ አንገቷ ላይ የእናቷ የብር መስቀል ነበር፤ እሱን ለቤቱ እመቤት «አደራ፣ እትዬ» ብላ ሰጠች። ሴትዮዋ ቁም ሳጥናቸው ውስጥ ቆለፉላት፤ ባል ስታገባ ከነመጠቅለያው አውጥተው አስረከቧት። ይህን ታሪክ እኔና ታናሽ እህቴ ስንት ጊዜ እንደሰማነው አላውቅም። በእኛ ቤት ከሌባ የሚከፋው አደራ በላ ነው።

እህቴ በቤት ሠራተኝነት ወደ አረብ አገር ስትሄድ እናቴ የምትሰጣት ሌላ ስንቅ አልነበራትም። የላካት ኤጀንሲ ሥልጠና ስለ ልብስ ካውያና ስለ ምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን ነበር። ስለ ፓስፖርት የተነገራት «እንዳይጠፋብሽ» የሚል ብቻ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ መላው ወዲያው መጣላት።

«እንደደረስሽ ለሴትዮዋ ስጫት» አለቻት ሻንጣዋን እያሰረች። «በሁለት እጅሽ፣ አደራ ብለሽ። አደራ የተቀበለች ሴት አትከፋብሽም።»

እኔም እዚያው ነበርኩ። ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር ጎሚስታ ቤት አለችኝ፤ ስለ ጎማ ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ፣ ስለ ፓስፖርት ግን ከእናቴ የተሻለ አላውቅም ነበር።

እህቴ የተባለችውን አደረገች። ማዳሟ፣ እዚያ አሠሪዋን የሚጠሩት እንዲህ ነው፣ ፓስፖርቱን ፈገግ ብላ ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። እህቴ ይህን በስልክ ስትነግረን እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። «አላልኳችሁም?» አለች።

የኮንትራቱ ጊዜ አለቀ። እህቴ ወገቧን ታማ ነበር፤ ወደ አገሬ ልግባ አለች። ማዳም መጀመሪያ ሌላ ሠራተኛ እስክትመጣ ጠብቂ አለቻት። ቀጥሎ ረመዳን ይለፍ፣ ቀጥሎ ደግሞ ልጄ ትውለድ። በመጨረሻ መልስ መስጠቱንም ተወችው። የመኖሪያ ፈቃዷንም አላሳደሰችላትም። ያለ ፓስፖርት አውሮፕላን የለም፤ ያለ ፈቃድ ደግሞ ደጅ መውጣት ለፖሊስ እጅ መስጠት ነው። እህቴ ታሰረች ማለት ነው። የማትወጣበትን ቤት ምንጣፍ የምትጠርገው እሷ ራሷ መሆኗ እስረኛ መሆኗን አይለውጠውም።

ኤጀንሲው ዘንድ ሄድኩ። ሰውዬው እፊቴ ማዳም ጋ ደወለ፤ በአረብኛ ተሳሳቁ። ስልኩን ሲዘጋ ሳቁ ገና ከፊቱ አልጠፋም።

«ማንም አልነጠቃትም እኮ» አለኝ። «እህትህ ራሷ ናት በገዛ ፈቃዷ የሰጠቻት።»

አደራ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳው ጀመርኩ። እዚሁ ከተማ ተወልዶ ላደገ፣ እናቱ ምናልባት እንደኔው እናት አደራ እያለች ላሳደገችው ሰው! እንደሚያውቀው ዓይኑ ይናገራል። ማወቁ ነው ያንገበገበኝ፤ ባያውቅ እንኳ በአለማወቁ ይቅር እለው ነበር። እጄ ላይ የጎማ ጥላሸት ባይኖር ኖሮ ያን ነጭ ሸሚዙን በአንገትጌው ይዤ እጠይቀው ነበር እያልኩ ወጣሁ። ውሸቴን ነው፤ እሱን ብጣላ ከማዳም ጋር ማን ያገናኘኛል?

ከዚያ የመንግሥት ቢሮ። የተቀበሉኝ ወይዘሮ ክፉ አልነበሩም፣ እንዲያውም ወንበር ሰጡኝ። የሠራተኛን ፓስፖርት አሠሪ መያዝ በእኛም በእነሱም አገር ሕግ ክልክል ነው አሉኝ። ደስ አለኝ። ቀጥለው ግን አቤቱታውን ባለጉዳይዋ ራሷ ቀርባ ማመልከት አለባት አሉ።

«እመቤቴ፣» አልኳቸው፣ «ቀርባ ማመልከት ብትችል ምን ብላ ልታመለክት ትመጣለች?»

እሳቸውም ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ቀና ብለው አላዩኝም። መመሪያው እንደዚያ ነው አሉ። ስመላለስ ክረምቱ ገባ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

በመጨረሻ እህቴን ያወጣት ሕግ አይደለም፤ ቆሻሻ ነው። አንድ ቀን የቆሻሻ ከረጢት ይዛ ልትጥል ወጣች፤ ከረጢቱን ጥላ በዚያው ቀረች። ማዳም በዚያው ዕለት ሠራተኛዬ ጠፋች ብላ አመለከተች። የእሷ አቤቱታ መቼም ወዲያው ነው የተሰማው። እህቴን ፖሊስ ያዛት፤ ከታሰረችበት ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚያገለግል ወረቀት፣ ሊሴ ፓሴ የሚሉት፣ ተሰጥቷት አሻራዋን አንሥተው ወደዚያ አገር እንዳትመለስ ከልክለው አባረሯት። ወንጀለኛዋ እሷ ሆና ማለት ነው። ፓስፖርቷ እስከ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሻንጣዋም እዚያው ቀርቷል። ቦሌ ስቀበላት በእጇ የያዘችው አንድ ፌስታል ነበር።

እናቴ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ስለ ፓስፖርቱ ግን አላነሣችም፤ እኛም አላነሣንባትም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እህቴ አዲስ የቀበሌ መታወቂያ አወጣች። ይዛው ስትገባ እናቴ አልጋ ሥር ያለችውን ሳጥኗን ከፍታ ልብስ ታጣጥፍ ነበር። የሁላችንም ነገር ያለው እዚያች ሳጥን ውስጥ ነው፤ የእኔ የንግድ ፈቃድ፣ የቤቱ ካርታ፣ የክርስትና ወረቀታችን ሳይቀር። እንደ ልማዷ እጇን ዘረጋች።

«አምጪ ላስቀምጥልሽ፣ ይጠፋብሻል።»

እህቴ መታወቂያውን ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

«ተይው እማ» አለች። «ለማንም አልሰጥም።»

ይህን ስትል አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። እናቴ የተዘረጋ እጇን ወዴት እንደምታደርገው ጠፋት፤ ከዚያ ሳጥኗን ዘጋች። እህቴ ለማታውቃት ሴት በሁለት እጇ የሰጠችውን ለወለደቻት ከለከለች። አልፈርድባትም።

የብር መስቀሉ ዛሬም እናቴ አንገት ላይ አለ። ስለ እትዬ ቁም ሳጥን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ አላወራችም።