የሚለቅ ጥቁር

ትናንት ሳሊተ ምሕረት ያለችው ሱቄ አንዲት ወጣት ገብታ ጥቁር ጨርቅ አነሳች። ጣቷን በምራቋ ነከር አድርጋ ጨርቁን ፈተግ ፈተግ አደረገችና ጣቷን አየችው።

«ይለቃል እንዴ?»

እሱ እንኳን አይለቅም አልኳት። ጠቅልዬ ስሰጣት ግን አፍንጫዬ ላይ የመጣው ሌላ ነገር ነበር፤ የፈላ ውሃና ጨው፣ የራሰ ጥጥ፣ የባሕር ዛፍ ጭስ።

ያኔ ቦሌ ቡልቡላ ገና ጤፍ ይታጨድበት ነበር። በወዲያ በኩል አውሮፕላን ያርፋል፣ በወዲህ በሬ ይጠመዳል። ከተማው እየገሰገሰብን ስለነበር የኔ እኩያ ሁሉ መሬት ደላላ ሆኖ ቁልፍ ማሽከርከር ጀምሯል። እኔ ከመንገድ ዳር ባለች የቆርቆሮ ሱቄ ደጅ በርሜል ጥጄ የሐዘንተኛ ልብስ ጥቁር አቀልም ነበር። ሰው ሲሞትበት አዲስ ጥቁር የሚገዛው ጥቂቱ ነው፤ ሌላው ያለውን ቀሚስ ይዞ ይመጣል። ደንበኛ የማይጠፋበት ንግድ ነው፤ ችግሩ ደንበኛህን «ደግሞ ይምጡ» ብለህ አትሸኘውም።

ሥራው ተራ ነው። ውሃ ታፈላለህ፣ ዱቄቱንና ጨውን ትበትናለህ፣ ልብሱን ነክረህ በእንጨት ታማስላለህ። ቀለሙን ከጨርቁ ጋር አጥብቆ የሚይዝ ሌላ መድኃኒት አይገባበትም። ስለዚህ ሲወጣ ያምራል፤ በታጠበ ቁጥር ግን ይሳሳል።

እሷ፣ ያኔ የወደድኳት፣ የገበሬ ልጅ ነበረች። አባቷን በቀበሩ በሦስተኛው ቀን ቢጫ ቀሚሷን ይዛልኝ መጣች። ቢጫው በርሜሉ ውስጥ ሲሰምጥ ፊቷን አዞረች። ብዙም ሳይቆይ ቀሚሱን አጥባ አመድ አስመስላ መለሰችውና፣ «አንተ፣ ይሄ ቀለም ነው የቡና አተላ?» አለችኝ። በነፃ ደገምኩላት። ደግሞ መጣች። ውሃው እስኪፈላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስለ አባቷ ታወራኛለች፤ በሬዎቹን በኦሮምኛ እየሰደበ፣ ወዲያው ይቅርታ እንደሚጠይቃቸው። እያለቀሰች ትስቅ ነበር። እኔ ደግሞ እሳቱን ቀስ አድርጌ ነበር የማነደው።

አንድ ቀን ኅሊናዬ ቆረቆረኝና ከመርካቶ የማይለቅ ዓይነት ላምጣልሽ አልኳት። እንጨቱን ከእጄ ወስዳ በርሜሉን ማማሰል ጀመረች።

«ተው። እሱን ካመጣህ እኔ በምን ሰበብ እመጣለሁ?»

የዚያን ቀን ነው የተነጋገርነው። የአባቷ ሙት ዓመት ሲያልፍ፣ እሷ ጥቁሩን ስታወልቅ፣ ሽማግሌ እንድልክ።

ያሳደጉኝ አጎቴ ልጅቷን እንደምወዳት ያውቁ ነበር። አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ አዩዋት። ቀሚሱ ታጥቦ ታጥቦ ደብዝዞ ነበር፤ እሳቸው ከሐዘን ወጥታ ግራጫ የለበሰች መሰላቸው። እኔን ሊያስደስቱ ብለው፣ ሳይነግሩኝ፣ ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው በማግስቱ እናቷ ዘንድ ለሽምግልና ሄዱ። ሲመለሱ ከፊታቸው ገባኝ። እናትየው እንዲህ ብለዋቸዋል፦

«አባቶቼ፣ ባሌን ከቀበርኩ ዓመት አልሞላኝም። ልጄን ከሐዘን ያወጣችኋት እናንተ ናችሁ?»

የአጎቴን ዓይን ያሳሳተው የኔው በርሜል ነው።

እናትየው አልተሳደቡም፣ ልጄን ተዋት ብለው ሰው አልላኩም። መርካቶ ወርደው ከፋብሪካ ጠቁሮ የወጣ ቀሚስ ገዙላት። በቃ። ያን ክረምት ከእናቷ ጎን ሆና በሱቄ ፊት ስታልፍ አያታለሁ። ይዘንብባታል፣ ቀሚሱ እግሯ ላይ ይጣበቃል፣ ጥቁሩ ግን ፍንክች አይልም። እነሱ ቤት ስልክ አልነበረም። ሰበብም አልነበራትም። ክረምቱ ሲያልፍ በሱቄ ፊት ማለፏም ቀረ፤ እናቷ የከለከሏት መሰለኝ። እኔም ዓመቱን መጠበቅ ያዝኩ። በየጠዋቱ እሳት አነዳለሁ፤ የሰው ሐዘን እነክራለሁ።

ሙት ዓመቱ ባለፈ በሳምንቱ ከአጎቴ ጋር ሄድን። ይቅርታ በመጠየቅ እንደሚጀምሩ ነግረውኛል፤ መንገዱን ሙሉ የሚሉትን ለራሳቸው ሲያጉተመትሙ ነበር። ስንደርስ ግቢው የለም። ቤቱ ፈርሶ፣ ጤፍ የነበረበት ላይ የኮንዶሚኒየም ብረት ቆሟል። የግንባታው ዘበኛ ሰዎቹ ካሳቸውን ተቀብለው ከሄዱ መክረማቸውን ነገረን። ወደ አያት ነው ሲሉ ሰምቷል፤ አንዳንዱ ደግሞ ወደ ዱከም ነው ይላል።

ዛሬም አያት ጨርቅ ላደርስ ስሄድ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሴቶችን ፊት አያለሁ።

ያን ዕለት ዘበኛው የአጎቴን ድካም አይቶ የጣውላ ቁራጭ አቀረበላቸው። «አረፍ ይበሉ እንጂ አባቴ።»

አጎቴ እጃቸውን አወናጭፈው እምቢ አሉ። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ መልስ ሳይሰጠው አይቀመጥም። በሩ ከነበረበት ፊት ለፊት፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቆሙ።