አሥር ኪሎ የሚችለው ሳጥን

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ለእህቴም አልነገርኩ፤ ሰግጄ ዱዓ ሳደርግ እንኳ ስሙን ሳልጠራ ነው የማልፈው። ሦስት ዓመት በሆዴ ይዤው ኖርኩ። አሁን ግን እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው ጊዜ ያለኝ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ፊደሉ ቢጣመምባችሁም ነገሩን እዩልኝ።

ልጄ ጀማል ያንን የረጅም መንገድ ሞተር ከገዛ ወዲህ ፈሪ ሆንኩ። የምንኖረው ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቫ፣ ኦኔ የሚባል ሰፈር፣ ሰባተኛ ፎቅ ነው። ሲነሳ በመስኮት እሰማዋለሁ፤ ድምፁ እስኪጠፋ ትንፋሼን እይዛለሁ። ሚስቱ ሐያት ደግሞ ከኋላው ትቀመጣለች። እህቷ ዙሪክ አጠገብ፣ ኦፕፊኮን፣ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች፤ ለኢድ በሞተር ሄደው ሊጠይቋት ቆረጡ። ለዚህ ከኋላ የሚገጠም የዕቃ ሳጥን አስፈለገ። የሞተሩ ፋብሪካ የሚያወጣው ጀማልን አልጣመውም፤ ሌሎች የሚሠሩትን እናማርጥ ብሎ እኔንም ሱቅ ወሰደኝ።

ሁለት ሳጥን ቀረበልን። አንዱ ትንሽ ነው፣ አንድ ሄልሜት ቢይዝ ነው። ሌላው ሁለት ሄልሜት ይውጣል፣ ፊቱም ላይ የጀርባ መደገፊያ አለው። ልጅቷ ወደ ኋላ እንዳትወድቅ ትልቁ ይሁን አልኩ። እዚህ ድረስ ክፋት የለብኝም። ሻጩ ክዳኑን ከፍቶ ውስጡ የተለጠፈውን አሳየን፤ ጀማል ተረጎመልኝ።

«እማዬ፣ ስፋቱ እንዳያታልልሽ ነው የሚለው። አሥር ኪሎ ብቻ ነው የሚችለው። ካለፈ የፊት ጎማው ይቀልና መሪው አይታዘዝም።»

ሰማሁ። ቁጥሩንም አየሁ። ፈረንሳይኛ ባላውቅም አሥርን አውቃለሁ።

ታዲያ ለምን አደረግኩት? አባቴ ወሎ ውስጥ በበቅሎ እህል ይነግድ ነበር። አልገራ ያለች በቅሎ ስትፈተለክበት ጭነት ይጨምርባታል፤ «የከበዳት አትሮጥም» ይላል። እኔም የሻጩን ቃል ትቼ የአባቴን በቅሎ አመንኩ። ከከበደው ቀስ ብሎ ይነዳል አልኩ። በሄዱበት ጧት ሐያት ሳጥኑን አሽጋ፣ ጀማል ሞተሩ ላይ ገጥሞት፣ ሁለቱም ቁርስ ሊበሉ ወደ ቤት ተመለሱ። እኔ ቆሻሻ ልጥል ነው ብዬ የሳጥኑን ቁልፍ ከመስቀያው አንስቼ ወረድኩ። በቆሻሻው ከረጢት ውስጥ ፓኪ ሰፈር ካለው የሐበሻ ሱቅ የገዛሁት ሁለት ባለ አምስት ኪሎ የጤፍ ዱቄት ነበር። በጥቁር ሻሼ ጠቅልዬ ከዝናብ ልብሳቸው ሥር ሸሸግኩት። እኔ ነኝ የከተትኩት። ማንም አላዘዘኝም።

ሎዛንን አልፈው ከአውራ ጎዳናው ሲወጡ፣ መታጠፊያው ላይ ሞተሩ እምቢ አለው። የጀማል ትከሻ ተሰበረ። የሐያት ጉልበት ተጎዳ። ሳጥኑ ተከፍቶ አስፋልቱ ዱቄት ሆነ።

ሆስፒታል ስደርስ ጀማል አልጋ ላይ ነው፣ ሐያት እግሯ ታስሮ በተሽከርካሪ ወንበር አጠገቡ አለች። ዱቄቱን ማን ከተተው ብሎ ጠየቀ። ሐያት እኔን አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። መናገሪያ ጊዜ ነበረኝ።

«ለእህቴ ብዬ ነው» አለች።

ያን ጊዜ አፌን ብከፍት ምን ይቀርብኝ ነበር? ከሆስፒታል ከወጡ በሳምንቱ ያ ጥቁር ሻሼ ታጥቦ፣ ታጥፎ አልጋዬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ስለ ሻሹ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። እስከ ዛሬም አልተናገረችም። ደረጃ ስትወርድ በጎኗ ነው የምትወርደው፤ እኔ ከኋላዋ ነኝ፣ አያለሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጀማል ይቀልዳል፦ «ሚስቴ ወፍጮ ቤት ጭናብኝ ልትገድለኝ ነበር!» ሰው ይስቃል። እሷም ትስቃለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከዱቄቱ ይልቅ ይህ ሳቅ አይብስም?

ባለፈው ሳምንት ጀማል ሌላ ሞተር አመጣ። ሳጥን ሲመርጥ ያኔ እኔ ያልኩትን ዓይነት፣ መደገፊያ ያለውን መረጠ። ቅዳሜ እንደገና ወደ ኦፕፊኮን ይሄዳሉ። ትናንት እራት ላይ፣ ሐያት ሳህን እያነሳች፣ ጀማል እንዲህ አለኝ።

«እማዬ፣ ዕቃውን አንቺ ክተችልን። ከሐያት ይልቅ አንቺን ነው የማምነው።»

ሐያት ሳህኖቹን ደራርባ ወደ ማድቤት ወሰደቻቸው። ቀና ብላ አላየችኝም።

ይህን ወረቀት ሳጥኑ ውስጥ ልከትላቸው አስቤ ነበር። ግን ጀማል እዚህ ያደገ ልጅ ነው፤ አማርኛ አያነብም፤ የምታነብለት ሐያት ናት። «ምርቃት ነው የጻፈችልን» ብላው ታጥፈዋለች። ታደርገዋለች። ጥፋቴን እንደገና በእሷ ጀርባ ላይ ልጫን?

እናት ናት፣ ፈርታ ነው አትበሉልኝ። ስከት ለልጄ ፈርቼ ነበር፤ ዝም ስል ግን ለራሴ ነው የፈራሁት። አላህ የራሱን ሐቅ ይምራል ይሉናል፤ የሰው ሐቅ ግን ያለው በባለቤቱ እጅ ነው። ሐያት፣ ገና አውፍ በይኝ አልልሽም። አስቀድሞ እሱ ይስማ፣ አንቺ ባለሽበት፣ ከእኔው አፍ።

ዱቄቱን የከተትኩት እኔ ነኝ። ይህችን ቃል ነው ከጧት ጀምሮ ብቻዬን የምለማመዳት። አሳንሰሩ ሰባተኛ ላይ በቆመ ቁጥር፣ ጀማል መጣ ስል፣ ትጠፋብኛለች፤ እንደገና እጀምራለሁ። የከተትኩት እኔ ነኝ።