የወንድሜ እጅ ያረፈበት ብረት

ከመገናኛ ወደ ቤቴ ስመለስ የብረት በር የሚሠሩበትን ወርክሾፕ አልፋለሁ። ቀለም የተቀባ ብረት በሙቀት ሲያደርቁ የሚወጣውን ሽታ ታውቁት እንደሆነ እንጃ። የጋለ ዘይትና የተቃጠለ ፕላስቲክ የተቀላቀለበት ነው፤ ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል። ሰው አፍንጫውን ይዞ ይሮጣል፣ እኔ ግን እቆማለሁ። እንጦጦ ላይ ወዳደግሁበት ግቢ ይወስደኛል፤ ታላቅ ወንድሜ ወደሞተበት ዓመት።

አባቴ የደን ጥበቃ ነበር። በስሙ ፈቃድ ያለው አሮጌ ጠመንጃ ነበረው። ጉልበቱ ሲከዳው ወንድሜ ተተካለት። ወንድሜን እጁን ያልበው ነበር፤ ላቡ ደግሞ ጉድ ነው፣ የነካው ብረት ሁሉ ይዝጋል። እናቴ "አንተ ልጅ፣ ቢላዬን እንዳትነካብኝ" ትለዋለች፤ እሱ ሆን ብሎ ይነካዋል።

አንድ የነሐሴ ጠዋት ባሕር ዛፍ ተደግፎ እንደተቀመጠ አገኙት። ልቡ ነው አሉ። ዝናቡ ሲወርድበት አድሯል፤ እጁ ግን የጠመንጃውን አፈሙዝ እንደጨበጠ ነበር።

ከአርባው በኋላ አባቴ ጠመንጃውን ከተጠቀለለበት ጨርቅ ፈታው። ብረቱ ላይ የጣቶች ቅርጽ ያለው ዝገት ነበር። ወደ ሥራው ካልተመለሰ ቦታውን ለሌላ ሰው ሊሰጡት ነው፤ ቤታችን ደግሞ ሌላ ገቢ የለውም።

"በልጄ እጅ ላይ እጄን ጭኜ ዘብ አልቆምም" አለ።

"ተወው" አለችው እናቴ። "ከሱ የቀረኝ ይኸው ነው።"

አልተወውም። ከላሜራ ረጅም ሳጥን ሠራ፤ ውስጡን ከተበላሸ የኤሌክትሪክ ምድጃ በፈታው ሽቦ የሚግል አደረገው። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ አጠፋው። ብረቱን ቅባት በሚያነሳ አሴቶን አጥቦ በባዶ እጅ ማንም እንዳይነካው ከለከለ፤ የጣት ቅባት ከቀለሙ ሥር ይወጣል አለን። ጥቁር ቀለም ነፋበትና በሙቀት እንዲደርቅ ሳጥኑ ውስጥ አንጠለጠለው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ጉሙ ከተራራው ወርዶ አጥራችንን ውጦታል።

ሲያወጣው ጣቶቹ እዚያው ነበሩ። በደብዛዛው ጥቁር ላይ ያብረቀርቃሉ።

"ቅባት ነው፣ በደንብ አላጠብኩትም" አለ አባቴ፤ ድምፁ ግን ልክ አልነበረም። ልጦ እንደገና ቀባው። አሁን ይባስ ብሎ አውራ ጣቱም ወጣ። ዝገቱ ላይ አውራ ጣት አልነበረም፤ እኔ ራሴ አይቻለሁ።

እናቴ ግን አልፈራችም። አባቴ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጀምር በርጩማዋን ይዛ መጥታ ሳጥኑ አጠገብ ተቀመጠች። ላሜራው ሲግል ቋ፣ ቋ ይላል። እሷ ጎንበስ ብላ፣

"አሁንስ ሞቀህ ልጄ?" አለች።

ላሜራው ቋ አለ። እሷም መልስ እንዳገኘ ሰው ራሷን ነቀነቀች። እኔ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ፤ አልዋሽም፣ ፈርቼ ነው።

በዚህ በሦስተኛው ጊዜ አባቴ ቀለም ከመንፋቱ በፊት ባዶውን ብረት አግሎት ነበር። በውስጡ የከረመ ዘይት አልቦ ወጣ፤ ጠረገው፣ አጠበው፣ ቀባው። ሲያመሽ ሳጥኑ ሲከፈት ብረቱ ጥርት ያለ ጥቁር ነበር። ምንም የለበትም።

"ሄደ?" አለች እናቴ።

አባቴ ጠመንጃውን ወደ አምፖሉ አስጠጋ፣ ገለበጠው፣ መልሶ አገላበጠው። ጓንቱን አውልቆ ብረቱን በጣቱ ዳበሰ። የፈለገውን አግኝቶ እንዲህ ሲከፋው አይቼ አላውቅም። እናቴ በርጩማዋን አንስታ ገባች፤ ልጇ ያን ቀን የተቀበረ ያህል አለቀሰች።

በማግስቱ አባቴ ወደ ደኑ ወጣ። ከዚያም በኋላ ለዓመታት ሲወጣና ሲገባ አየዋለሁ። አፈሙዙን ከላይ ይይዘዋል፣ ከታች ይይዘዋል። ያችን ቦታ ግን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አንድም ቀን አልጨበጣትም።